ቀንድ አውጣ የሌለበት ውሃ

ጋሽ ሙሄ ማረፋቸውን የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። ጤና ኬላው በር ላይ የክትባቱን ሳጥን ሳወርድ፣ "ኤክስቴንሽን፣ ያ የቀንድ አውጣው ሽማግሌ ሞቱ አሉ፤ ሰማሽ?" አለኝ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ። ኢናሊላሂ ብዬ ሳጥኑን መሬት አስቀመጥኩት። ወላሂ፣ ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጨፋ ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው ለኖሩ ሰው ስም ጠፋና ነው?

"ስም አላቸው፤ ሙሄ ነው ስማቸው!" ብዬ ጮህኩበት።

እሱ ምን ያድርግ፣ ደንግጦ ባጃጁን አዙሮ ሄደ። እኔም ብሆን መናደድ አያምርብኝም ነበር። ለምን እንደማያምርብኝ እነግራችኋለሁ።

ለዚህ ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ስመደብ ገና ሃያ አልሞላኝም። ከሚሴ አስፋልት ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ ጭቃ የምጠየፍ፣ አፌ ግን የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። ጋሽ ሙሄ ደግሞ ለቢልሃርዚያ ሥራ የተቀጠሩ ሠራተኛ ናቸው። ቢልሃርዚያ ሆድ የሚነፋ፣ ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ነው። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወደ ውሃ ይወጣል፤ ከውሃው በሰው ቆዳ ሰርጎ ይገባል። ስለዚህ የጋሽ ሙሄ ሥራ ከቦርከና ወንዝ ዳር ኩሬዎች ቀንድ አውጣ መልቀም፣ መቁጠር፣ ማስወገድ ነበር። ሰው ይስቅባቸዋል። "መንግሥት ለዚህም ደሞዝ ይከፍላል?" ይሏቸዋል። እሳቸውም፣ "ይከፍላል፤ እናንተንም በነፍስ ወከፍ ቁጠር ቢለኝ ደሞዝ አስጨምር ነበር፣ ከነሱ ይልቅ እናንተ ናችሁ አልያዝ የምትሉት" ይላሉ።

ለሶላት ካልሆነ ቦት ጫማቸውን ከእግራቸው አያወልቁም። መስጊድ በር ላይ ከተደረደረው ነጠላ ጫማ መሐል ያ ጥቁር ቦት ቆሞ ሲታይ፣ ጋሽ ሙሄ ውስጥ እንዳሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንገታቸው ላይ በክር የታሰረ ማጉያ መስታወት አለ፤ ሒርዝ፣ የአንገት ክታብ፣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሸምበቆ ጫፍ ላይ ባሰሩት ወንፊት ውሃውን ይጨልፋሉ፣ ከዚያ የኩሬውን ቅጠል አንድ በአንድ ይገለብጣሉ። ቀንድ አውጣ እንቁላሉን የሚለጥፈው ከቅጠሉ ሥር ነውና። ይኼ አመል ሆኖባቸው ሰርግ ቤት እንኳ የቀረበላቸውን ጎመን ገልብጠው ነው የሚያዩት። አንዴ አንዲት ባለ ሰርግ "ምን ጣልንበት ብለው ነው?" ብላ ተቀይማለች።

"ከላይ ያለውን ማንም ያያል፣ ኢንተላ ኮ" ይሉኛል። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ገልብጠሽ እዪ።"

የማያውቁትን ሲጠየቁ ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ሂንቤኩ።" አላውቅም። በዚህ አገር አላውቅም የሚል ሰው ካያችሁ ንገሩኝ። መንገድ የጠየቃችሁት ሁሉ የማያውቀውን ሰፈር በእጁ ያሳያችኋል። ጋሽ ሙሄ ግን አለቃ ፊትም፣ ሼህ ፊትም፣ በሽተኛ ፊትም "ሂንቤኩ" ብለው ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ብቻ ነው ሂንቤኩ ማለት ሲገባቸው ያላሉት። ያቺ ቀን ናት ጉድ የሠራችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ ተሰብስቦ እንዶድ ይወቅጣል። ልብስ የምናጥብበት እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል። በጀሪካን በጥብጠን ትልቁ ኩሬ ላይ ዳር ዳሩን እንረጫለን። ሕዝቡ ግን ለምን እንደሚለፋ አልገባውም። ይሰለቻል። ያን ጊዜ ጋሽ ሙሄ ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ ለሁሉም እንዲገባ ብለው፣ እንዲህ አሉ፦ "ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ በሽታ አለበት። ቀንድ አውጣ የሌለበት ውሃ ንጹሕ ነው። አለቀ!"

ሰው ወደዳት። አጭር ናት፣ ትያዛለች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም ብያችኋለሁ፤ ይቺን ቃል ይዤ በአማርኛም በኦሮምኛም ያላንኳኳሁት ቤት የለም። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ፣ ለሽማግሌ። ልጆች የገመድ ዝላይ መቁጠሪያ አደረጓት። በሽታውም በመድኃኒቱም በእንዶዱም ቀነሰ፤ አልዋሽም፣ እኔም ተሸልሜበታለሁ።

ጋሽ ሙሄ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ደሴ ለሥልጠና ሄደው ነበር። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው የመጡት። አንድ ወጣት ባለሙያ ስለ ባሕር አውርቷቸዋል። እሳቸው ባሕርን የሚያውቁት ሰንበቴ ገበያ የሚወጡ የዓፋር ነጋዴዎች ሲያወሩ ነው እንጂ በዓይናቸው አላዩትም።

"ዘሀራ፣ እናቴ አንገቷ ላይ የምታስረው መርጃን፣ ያ ቀይ የባሕር ጌጥ፣ ድንጋይ ነበር የሚመስለኝ" አሉኝ። "ለካ የእንስሳ ቤት ነው! ደግሞ ይወልዳል። ከዘመዶቹ መሐል ዓመት ጠብቆ፣ ጨረቃ ቆጥሮ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንቁላሉን ባሕር ላይ የሚለቅ አለ። ሱብሐነላህ! አሁን ግን ከከተማ ቆሻሻ የሚወርድበት ቦታ ቀኑ ይጠፋባቸዋል አለን ልጁ። አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ይቀራል። የለቀቀውም አይጸናም።"

"ማን ነው ቀኑን ያጠፋባቸው?"

"መርዙ ነዋ። የባሕር ቀንድ አውጣም እንደዚያው። መርከብ ሥሩ ላይ ምንም እንዳይለጠፍበት የሚቀቡት ቀለም ነበር አለ። ከዚያ ቀለም ሴቷ ላይ፣ ይቅር በይኝና፣ የወንድ ነገር በቀለባት። እንቁላሏ የሚወጣበት ተደፈነ። በቁሟ መከነች።"

እኔ ሳቅሁ። ወጣት ነበርኩ አላልኳችሁም? እሳቸው ግን አልሳቁም። ሆርሞን የሚባለውን በራሳቸው መንገድ አስረዱኝ፤ "ገላ ውስጥ የሚላላክ ሽማግሌ አለ። ጊዜው ደረሰ፣ ውለዱ ብሎ የሚናገር። ይኼ መርዝ አይደባደብም፣ አይገድልም። የሽማግሌውን ጋቢ ለብሶ፣ በትሩን ይዞ ይገባል። ገላም ሽማግሌ መስሎት በሩን ይከፍታል። ከዚያ የተሳሳተ መልእክት ይናገራል።"

ጡረታ ከወጡም በኋላ ኩሬውን አልተዉም። ማንም ሳያዛቸው፣ በገዛ ቦት ጫማቸው፣ ይቆጥራሉ። አንድ ክረምት እንዳለፈ ጤና ኬላው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ቦት ጫማቸው ውሃ ያንጠባጥባል። "ቅጠሉን ገለበጥኩ፤ እንቁላል የለም" አሉኝ።

"እሰይ! እንዶዱ ሠራ ማለት ነው።"

"እንዶድ ከረጨን ስንት ዘመን ሆነን? ትልልቆቹ አሉ እኮ። ይሄዳሉ፣ ይበላሉ። ልጅ ነው የሌላቸው።"

ቤታቸው ሁለት ሳፋ አስቀመጡ። አንዱ ውስጥ ከተራራው ሥር የቀዱትን የምንጭ ውሃ፣ አንዱ ውስጥ የኩሬውን ውሃ። ቀንድ አውጣዎቹ ግን ካንድ ቦታ የተለቀሙ ናቸው፤ የሚመገቡትም ያንኑ የሰላጣ ቅጠል ነው። ጠርተው አሳዩኝ። የምንጩን ቅጠል ሲገለብጡት ከሥሩ እንደ ሙጫ ጠብታ የተለጠፈ ነገር አለ፤ በመስታወቱ ሳየው ውስጡ ጥቃቅን ነጥቦች ይዞራሉ። የኩሬውን ሲገለብጡ ባዶ ነው። አንዱ ቅጠል ላይ ብቻ ሙጫው አለ፣ ነጥብ ግን የለውም።

"ቢሞቱ ጥሩ ነበር" አሉ ጋሽ ሙሄ። "የሞተ ነገር ሰው ያስፈራል። ይኼ ግን ደህና ይመስላል።"

ከየት መጣ ካላችሁ፣ ሁላችንም እናውቃለን። ከላይ ከከተሞቹ ወንዙ ይዞት የሚወርደው ቀለምና አረፋ አለ። እዚሁ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ለሽንኩርቱ፣ ለጫቱ የሚረጨው አለ፤ ገበሬው መርጫውን የሚያጥበው ቦይ ዳር ነው፣ ጠርሙሱም እዚያው ይጣላል። ስሙንም "መድኃኒት" ነው የምንለው። የትኛው ነው ጥፋተኛው ብዬ ጠየቅኋቸው። "ሂንቤኩ" አሉኝ። ሰውንስ እንዲህ ያደርጋል ወይ አልኳቸው። "ሂንቤኩ፣ ዘሀራ። ግን እኔ ብሆን ልጄን ከዚህ አላጠጣም።"

ልጃቸው ግን ከዚያው ነበር የምትጠጣው።

አንዷን ልጃቸውን መዲናን ኩሬው ዳር ላለ ቤት ነው የዳሯት። ትልልቆቹ ቀንድ አውጣዎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሲያልቁ፣ ተተኪ የለምና ኩሬው ባዶ ሆነ። ሕዝቡ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አልሐምዱሊላህ፣ ውሃው ጠራ!" ድሮ በሽታ ፈርቶ አስፋልቱ ዳር ካለው ቦኖ ይቀዳ የነበረ ሁሉ፣ ያን ሁሉ መንገድ ምን አስኬደኝ ብሎ ጀሪካኑን ይዞ ኩሬው ላይ ወረደ። ስምም አወጡለት። የሙሄ ውሃ። ለክብራቸው ብለው ነው እኮ! ምስጋና መሆኑ ነው።

ጋሽ ሙሄ ያን ስም የሰሙ ቀን እንደታመመ ሰው ተቀመጡ።

መዲና ሁለት ጊዜ አስወረዳት። በኩሬው ነው ብዬ አልምልም፤ እሳቸውም አንድም ቀን እንዲያ ብለው አያውቁም። ሁለተኛው ጊዜ ልጠይቃት ስሄድ እሳቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይለምኗታል። "ከቦኖው ቅጂ፣ ኢንተላ ኮ። ርቆብሽ ከሆነ እኔ እቀዳልሻለሁ። እኔ እሸከማለሁ።"

መዲና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። "አባዬ፣ አንቱ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? ቀንድ አውጣ የሌለበት ውሃ ንጹሕ ነው አላሉንም?"

"ተሳስቼ ነው።"

"ያን ጊዜ ነው የተሳሳቱ ወይስ አሁን?"

እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ከዚያ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ሙሄ አስቀድመው እኔ ጋ መጡ። "እኔ ላንቺ ነገርኩ፣ አንቺ ለቤቱ ሁሉ ነገርሽ። እኔ ብቻዬን ብናገር ጃጀ ይሉኛል። አንቺ አብረሽኝ ተነሺ። ሌላ አልፈልግም፤ 'እኛ ተሳስተናል፣ ከኩሬው አትጠጡ' በይ፣ ይበቃል።" እሺ አልኳቸው። ወላሂ እሺ ብያለሁ። ስብሰባው ላይ ተነስተው ስለ ሁለቱ ሳፋ ተናገሩ፣ ስለ መርጃኑም ተናገሩ። ሰዉ መሳሳቅ ጀመረ። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ እንድሪስ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው፣ "ሙሄ፣ ቀንድ አውጣ አልወለደም ብለህ ነው የምታዝነው? ስትገድል የኖርክ ሰው!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሙሄ ዞረው እኔን አዩኝ።

ከቢሮ የመጣ ወረቀት የለኝም ብዬ አሰብኩ። ምርመራ ያልተደረገበትን ነገር እንዴት ብዬ እናገራለሁ አልኩ። ሽልማቴንም አስቤ ይሆናል፣ ለምን እዋሻለሁ። ሻሼን አስተካከልኩና አቀረቀርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

እሳቸው አልተቀየሙኝም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ይልቅ አንድ ነገር አደረጉ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ሳቅና እንባ ይታገሉኛል። ከምንጩ ሳፋ ውስጥ ከእንቁላል ያሳደጓቸውን ቀንድ አውጣዎች በባልዲ ተሸክመው ወስደው ኩሬው ውስጥ ለቀቋቸው። ቤት ያደጉ ናቸው፣ በሽታ የለባቸውም። ሰው ሲያያቸው ይፈራል፣ ይሸሻል፣ ወደ ቦኖው ይመለሳል ብለው ነው። ስህተት መሆኗን ባወቋት በዚያች ቃላቸው ሰዉን ሊያድኑ!

ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እጅ ከፍንጅ ያዟቸው። "ሙሄ በሽታውን ሊመልስብን ነው!" ተባለ። ሽማግሌ ፊት ቆሙ። ኩሬው ላይ ሁለተኛ እንዳይወርዱ ቃል አስገቧቸው፤ ወንፊታቸውንም ተቀሙ። ቃል ሲገቡ ድምፃቸው አልተሰማም፤ አባ እንድሪስ ደግመህ በል አሏቸው። ደገሙት። የለቀቋቸው ቀንድ አውጣዎችም ዘር ሳይተኩ አለቁ፤ ሰዉ ይኼንንም የውሃው መጥራት ምልክት አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ያለ ቦት ጫማ አየኋቸው። በነጠላ ጫማ እግራቸው የሰው እግር አይመስልም ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ ኩሬው ዳር ወዳለው ቤቷ አይወርዱምና፣ "መዲና እንዴት ናት?" ይሉኛል። ሦስተኛውን መፀነሷን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። "ማሻአላህ" አሉ፣ ቀጥለውም "ከየት ነው የምትቀዳው?" አሉ። ከዚያው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። ካየኋቸው ያ መጨረሻው ሆነ። ልባቸው ነው ተብሏል፤ ጧት ሱብሒ ሰግደው እዚያው ተቀምጠው ቀሩ።

ክትባቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ለቅሶ ቤት ደረስኩ። ወንዶቹ ለማጠቢያው መጋረጃ እየወጠሩ ነው። ከፈኑ ተዘጋጅቷል። ሁለት ጎረምሶች አራት ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ገቡ፣ ገና ውሃው ያንጠባጥባል። አባ እንድሪስ ዓይናቸው ቀልቷል። ጀሪካኑን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ "በራሱ ውሃ እንጠበው" አሉ። "ያጠራልን እሱ ነው። ጀናዛው በዚህ ይሸኝ። ይገባዋል።"

ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ የነበረችው መዲና ቀና አለች። አምስት ወሯ ነው፣ ሆዷ ገፍቷል። አባ እንድሪስን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። "ዘሀራ፣ ይኼ ውሃ ንጹሕ ነው?" አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ።

ያቺን ስብሰባ አስታወስኩ፣ ዞረው ሲያዩኝ። ተነሳሁ።

"አይደለም" አልኩ። "እሳቸው እውነታቸውን ነበር። እኛ ነን የተሳሳትን። ከቦኖው ይምጣ፤ በዚህ አትጠቧቸው። ከዚህም አትጠጡ።"

አባ እንድሪስ አልተቆጡም። አዘኑልኝ መሰለኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ሐዘን ነው" አሉኝ። "አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ቤታችን ድረስ መጥተሽ ያስተማርሽን? ቀንድ አውጣ የሌለበት ውሃ ንጹሕ ነው ብለሽ?" አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሌላዋ ውሃ በጣሳ አቀረበችልኝ። ከየት እንደተቀዳ መጠየቅም አላስፈለገኝም።

መጋረጃው ወረደ። ውሃው ሲፈስ ተሰማኝ፤ መጀመሪያው ጀሪካን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። በሙሄ ውሃ አጠቧቸው።

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሲነሳ፣ መዲና ማንንም ሳትሰናበት ባዶ ጀሪካን አንስታ ወጣች። ተከተልኳት። ኩሬው በግራ ነው፣ የአስፋልቱ መንገድ በቀኝ። ወደ ቀኝ ታጠፈች። ፀሐዩ ከብዷል፣ ከአንድ ጊዜ በላይ እየቆመች ሆዷን ትይዛለች። ቦኖው ጋ ደርሰን ተሰለፍን፣ ቀዳን፤ ስንመለስ ጀሪካኑን እኔ ተሸከምኩላት። እሳቸው እሸከማለሁ ያሉትን።

መሐል መንገድ ላይ ቆመች። "ዘሀራ" አለችኝ፣ "ዘገየሁ እንዴ?"

ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። ላጽናናት ይገባኝ ነበር፤ አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም የምትለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እላታለሁ። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ጀሪካኑን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዞርኩት።

"ሂንቤኩ" አልኳት።